ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ

እኔ እጄ ከአፌ የሚቀድም ሰው ነበርሁ። አፌ ዛሬም አልተገራም፣ ባልደረቦቼ ይመስክሩ። እጄን ግን አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ገርታልኛለች። ባሕር ዳር ውስጥ ባንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ነገሩ የሆነው በቅርቡ፣ ተቋርጠው የነበሩት የሐይቁ ጀልባዎች እንደገና መመላለስ በጀመሩበት ዓመት ነው። ብዙ ሰው ለመምህሩ የምስጋና ጽሑፍ ይጽፋል፤ እኔ የምጽፈው ለተማሪዬ ነው።

ክፍሌ ውስጥ ስድሳ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ሦስት ሦስት እየሆኑ ባንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። ልምጬን ከጠመኔው ጋር ባንድ እጄ ይዤ ነበር የምገባው። የወይራ ነበረች፣ ከመያዟ ብዛት ጫፏ ለስልሶ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ የውኃ ጎማ ቁራጭ ይይዛል፣ ሌላዋ ማስመሪያ፣ ሌላው ምንም ሳይዝ በኩርኩም ይጨርሳል። ጨካኝ ነኝ ብሎ የሚያስብ ማንም አልነበረም። እኔማ ራሴን ከደጎቹ ነበር የምቆጥረው፤ መዳፍ እንጂ ጀርባ አልመታም፣ የታመመ ልጅ አልነካም፣ ሴቶቹን ቀስ አደርግላቸዋለሁ። የደግነት መለኪያዬ እንዲህ ያለ ነበር።

የሚያስቀው ነገር፣ የትምህርት ቤቱ የሕፃናት መብት ክበብ ኃላፊም እኔው ነበርሁ። ርእሰ መምህሩ ክበቦቹን ሲያከፋፍሉ ስፖርቱን ስፖርተኛው ወሰደው፣ ሚኒ ሚዲያውን ወሬኛው ወሰደው፣ የሕፃናት መብት ወላጅ አጥቶ ቀረ። «አንቺ ጽሑፍሽ ያምራል፤ ግድግዳውንም ትጽፊልናለሽ» አሉኝ። ጻፍሁ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ መሰላል ላይ ቆሜ፣ ሕገ መንግሥቱ ስለ ሕፃናት የሚለውን በሰማያዊ ቀለም ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ አሰፈርሁት። ሕፃን በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ አካሉን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ የመሆን መብት አለው የሚለው ጋ ስደርስ፣ «ነጻ» የምትለዋን ቃል ዳር ዳሯን በነጭ ከብቤ አሳመርኋት። ከግድግዳው ሥር ቁልፍ ያለው የእንጨት ሳጥን ሰቀልን፤ ልጆቹ ችግራቸውን ጽፈው የሚከቱበት። ቁልፉ የሚውለው እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሰኞ ጧት ቀለሙ ከጥፍሬ ሳይለቅ ልምጬን ይዤ ክፍል ገባሁ፤ ምንም አልከነከነኝም።

ለምን ይከንክነኝ? የዱላ ውጤት ነኝ ብዬ ነው ያደግሁት። አባቴ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚሁ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረ ሰው ነው። አንደኛ ክፍል ሊያስመዘግበኝ የወሰደኝ ዕለት ከፈረቃ መውጣቱ ነበር፤ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ እንዳለ እጄን ይዞ መምህሬ ፊት አቆመኝ። ጎንበስ ብሎም፣ «ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላው የእርስዎ ነው» አላቸው። ልጁን ለመምህር የሚያስረክብ ሰው ሁሉ የሚለው ነው፣ እንደ ሰላምታ ያለ። መምህሬ ቃሉን አክብረው ዓይኔን ተዉት። በግራ እጄ ስለምጽፍ ግን የግራ እጄን ጣቶች በማስመሪያ ጠርዝ እየመቱ ወደ ቀኝ አዞሩኝ። ዛሬ ሰው የሚያደንቀው፣ ግድግዳው ላይ ያለውም ጽሑፍ የቀኝ እጄ ነው። ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር፣ «ባይመቱኝ ኖሮ ሰው አልሆንም ነበር» እል ነበር፤ ስንቴ እንዳልሁት አላውቅም።

ልጅቱ የመጣችው ትምህርት ከተጀመረ ከሁለት ወር በኋላ ነው። አባቷ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ካሉት ገዳማት ባንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ልጆች ሰብስበው ንባብ ያስተምራሉ። እሷን ግን ዘመናዊውንም ትማር ብለው ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት። በመጀመሪያው ቀን ስሟን ስጠራ ብድግ ብላ፣ «አቤት የኔታ!» አለች። ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። የኔታ የሚባለው የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ እኛ እዚህ ቲቸር ነን። እኔም ሣቅሁ። እሷ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ግራና ቀኝ አይታ ተቀመጠች።

ማንበብ ትችል ነበር፤ እንዴት ያለ መቻል! ከክፍሌ ልጆች እኩሌታው ፊደል በፊደል እየለቀሙ ሲያነቡ እሷ ገጹን እንዳለ ታወርደዋለች። ችግሩ አወራረዷ ላይ ነበር። በቄስ ትምህርት ቤት ንባብ ያለ ዜማ አይሄድም፤ ልጅ ቃሉን የት እንደሚያነሣ፣ የት እንደሚጥል በጆሮው ይማራል፣ ሰውነቱም አብሮ ይወዛወዛል። እሷም የአካባቢ ሳይንስ መጽሐፋችንን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ነበር የምታነበው። ውኃ በፀሐይ ሙቀት ይተናል የሚለው ጋ ስትደርስ «ይተናል»ን ወደ ላይ ሰቅላ፣ አንጠልጥላ፣ ቀስ አድርጋ ታሳርፈዋለች። ልጆቹ ይንከተከታሉ። «ዝም ብለሽ እንደምታወሪው አንብቢ» እላታለሁ። «እሺ» ትላለች። ሁለት መስመር በደረቁ ትሄድና ሦስተኛው ላይ ዜማው ይመለሳል።

ያን ቀን ሱፐርቫይዘር መጥቶ ከክፍሉ ኋላ ተቀምጧል። ሌላ ልጅ መጥራት ስችል ለጉራ እሷን ጠራኋት፤ እንዲህ ያለ አንባቢ አለኝ ለማለት። ጀመረች። ሁለት መስመር በደረቁ፣ ሦስተኛው ላይ ዜማ፤ እንግዳ አለ ብላ ይሆን አላውቅም፣ እንዲያውም ከወትሮው አሳምራ። ክፍሉ ተንጫጫ። ሱፐርቫይዘሩ አፉን በደብተሩ ሸፈነ። ሆን ብላ የምታሾፍብኝ መሰለኝ። «እጅሽን!» አልኋት። ዘረጋች። ተናድጄ ስለነበር መዳፏን ስቼ ጣቶቿን አገኘሁ፤ ሁለት ጊዜ። አላለቀሰችም። ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቁጭ አለች። ሱፐርቫይዘሩ በመገምገሚያው ላይ የክፍል አያያዜ ጥሩ ነው ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱ ማንበብ ተወች። ስጠራት ትነሣለች፣ መጽሐፉን ትገልጣለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በሁለተኛው ሳምንት ጭራሽ ቀረች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አራት ቀን። በኋላ እንደሰማሁት አክስቷን ትምህርት ቤት እሄዳለሁ እያለች ትወጣና ጀልባ መነሻው ዳር ከደንገሉ አጠገብ ቁጭ ብላ የዘጌን ጀልባ ስታይ ትውል ኖሯል። ስም መጥሪያው ላይ የቀሪ ምልክት ሳደርግባት እጄ ይከብደኝ ጀመር። ከገጠር መጥታ ከተማ የመማር ዕድል ያገኘች ሴት ልጅ እንዲህ እንደዋዛ ስትቀር ወዴት እንደምትሄድ አውቃለሁ። ትመለሳለች፣ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይታ ትዳራለች፣ አለቀ። ብዙዎች ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ይቺን ግን የሸኘኋት እኔ ነበርሁ።

ዓርብ ዓርብ ሳጥኑን እከፍታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝበት የከረሜላ ልጣጭና እርሳሴ ተሰረቀ የሚል ክስ ነው። ያን ዓርብ ግን አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። «ግድግዳው ላይ የተጻፈው ለየትኛው ትምህርት ቤት ነው?» ይላል። ከዚያ በላይ አንድም ቃል የለበትም።

ስምም የለበትም፣ አያስፈልገውምም ነበር። የልጆቼን ሁሉ እጅ ጽሑፍ አውቃለሁ፤ ይኼኛው ደግሞ ከማንም ጋር አይምታታም። ፊደሉ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እግሩ የወፈረ፣ ብራና ላይ የተጣለ የሚመስል ነው። ከመቅረቷ በፊት ከትታው ኖሯል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው፤ ምን ያስዋሸኛል። ይቺ ጉድ፣ ለካ ምላስ አላት! አልሁ። ወረቀቱን ጨምድጄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት። ባጃጅ ላይ ቁጭ እንዳልሁ ደግሞ አወጣሁት። ቀና አድርጌ ሳነበው ምንም ስድብ የለበትም። ልጅቱ ከልቧ ልታውቅ ፈልጋ ነው። ከተማው ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ ጽሑፉ የሌላው ይሆናል ብላ አስባለች። ሌላም ነገር ታየኝ። ወረቀቱን ቀድጄ ብጥለው የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የልጆቹን አቤቱታ የምቀበለው እኔ፣ የተከሰስሁት እኔ፣ ቁልፉ ያለው እኔ ጋ። ይኼ እስካሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል።

ሹፌሩን መልሰኝ አልሁትና ርእሰ መምህሩ ሳይወጡ ደረስሁባቸው። ረጋ ያሉ፣ ጡረታ ሊወጡ ዓመት የቀራቸው ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት።

«እና፣ ለየትኛው ነው?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኋቸው። አልጮሁብኝም። «ለወረዳ ሪፖርት አደርጋለሁ፤ ይኼ ግዴታዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን ልጅቱ ትመለስ። አባትየውን እንጠራቸዋለን፤ የምትናገሪው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም» አሉ። እኚህን ሰው ከልቤ አመሰግናለሁ። ሌላ አለቃ ቢሆን ወይ ይሸፋፍነው ነበር፣ ወይ እኔን ሜዳ ላይ ጥሎ እጁን ይታጠብ ነበር። እሳቸው ሁለቱንም አላደረጉም።

በዚያው ምሽት በአክስትየው በኩል ለአባትየው ደብዳቤ ላክን። የተለመደው ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ነው፤ ለጉዳይ ስለምንፈልግዎ ሰኞ ጧት ይቅረቡ የሚለው። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነበር። በእኛ አገር ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራው ልጁ ሲያጠፋ ነው። መምህር አጥፍቶ ወላጅ ይጠራል ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው አይገኝም። ለስንት ዓመት ወላጅ ስንጠራ የኖርን ሰዎች፣ ይህን ሳናስብ ማኅተም አድርገን ላክነው። አክስትየው ደብዳቤውን አይታ ደነገጠችና ቅዳሜውኑ ልጅቱን ይዛ ዘጌ ወረደች።

ሰኞ ጧት ቄሱ በመጀመሪያው ጀልባ መጡ። ነጭ ጥምጥም አድርገዋል፣ ጋቢ ለብሰዋል፣ የላስቲክ ጫማቸው ረጥቧል። ልጅቱ ከኋላቸው አለች። በቀኝ እጃቸው መስቀላቸውን፣ በግራ ብብታቸው ሥር ደግሞ ልምጭ ይዘዋል፤ ቅርፊቱ የተላጠ፣ እርጥበቱ ያልደረቀ የቡና ልምጭ። ዘጌ ቡና ነው ያለው፤ የቡና እንጨት ደግሞ ቀጭኑም ቢሆን ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰበርም። ርእሰ መምህሩም እኔም ተነሥተን መስቀል ተሳለምን። ይቀመጡ ብንላቸው እንቢ አሉ። ልምጩን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔ በኩል አኖሩት።

«ደብዳቤያችሁን አየሁ፤ አፈርሁ» አሉ። «ከትምህርት መቅረቷንም የሰማሁ ከትናንት ወዲያ ነው። ጥፋቷን አልጠይቅም። ልምጩንም ራሷን ነው ያስቆረጥኋት። እንግዲህ መምህርት፣ ዓይኗን ብቻ ይተዉልኝ፤ ሌላው የእርስዎ ነው።»

ያን ቃል ከስንት ወላጅ ሰምቼዋለሁ፤ ፈገግ ብዬ አልፈው ነበር። ያን ዕለት ልጅቱን አየኋት። ጣቶቿን ብብቷ ውስጥ ከትታለች። የምታየው የአባቷን ጫማ ነው። እኔም ያኔ፣ አባቴ ሲያስረክበኝ፣ የማየው ጫማውን ነበር፤ ጥቁር ነው፣ ማሰሪያው የተቋጠረ። ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚያ ጫማ አስቤ አላውቅም ነበር። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ አፍሬ አላውቅም።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኋቸው። «ልጅዎ ምንም አላጠፋችም። የጠራንዎት እርስዎንም እሷንም ይቅርታ ልጠይቅ ነው።»

አልገባቸውም። ወደ ርእሰ መምህሩ ዞሩ። «መምህር ምን ያጠፋል?» አሉ።

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋቸው። የልጆቹን ሣቅ፣ ሱፐርቫይዘሩን፣ ጣቶቿን። ዜማው ጋ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«በዜማ አነበበች?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«የሳይንሱን?»

«የሳይንሱን።»

አሁን ማንም ሳይጋብዛቸው ተቀመጡ። መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «እኔም መትቻታለሁ፤ ዜማውን ስለተወች» አሉ። «ለበዓል መጥታ ከልጆቹ ጋር አስቀመጥኋት፣ በደረቁ አነበበችብኝ። ከተማ አበላሻት ብዬ መታኋት። እርስዎ ደግሞ ዜማውን ስለያዘች መቷት። ታዲያ ይቺ ልጅ በየት በኩል ታንብብ?»

የጠየቁት እኔን ነው ወይስ ራሳቸውን አላውቅም። ርእሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ዘጉ። ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አባቷን አየች።

«ሕጉንም ይዩት፤ እሷው ናት የጻፈችው» አሉ ርእሰ መምህሩ እኔን እያሳዩ። አራታችንም ወጣን። እረፍት ስለነበረ ግቢው በልጅ ተሞልቷል። ቄሱ ጋቢያቸውን አስተካክለው ግድግዳው ፊት ቆሙ። ያለ ዜማ ማንበብ እሳቸውም አይሆንላቸውም። አንቀጹን ከላይ ጀምረው በንባብ ዜማ አወረዱት፤ ሕፃን፣ መብት፣ ቅጣት የሚሉት ቃላት እየተነሡ እየተጣሉ ሄዱ፣ «ነጻ» የምትለዋ ላይ ሲደርሱ ሰቅለው አንጠለጠሏት። ልጆቹ ኳሳቸውን ትተው ተሰበሰቡ። ማንም አልሣቀም፣ ቄስ ናቸዋ። ያን ጽሑፍ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ የሰማሁት ግን ያኔ ነው።

ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ይህ ለቤትም ይሠራል?»

መስቀል የያዘ ሰው ፊት መዋሸት አልሆነልኝም። «ይኼኛው የሚናገረው ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ማሳደጊያ ነው» አልኋቸው። «ወላጅን እንደዚህ በግልጽ አልጠራውም። ልጅን መጉዳት ግን በቤትም ቢሆን ያስጠይቃል።»

«የእኔ ቤት እኮ ትምህርት ቤት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አሥራ ምናምን ልጅ ደጄ ላይ ያነባል። እንግዲህ እኔም ተይዣለሁ!»

ልጅቱ ሣቀች። አጭር ሣቅ ናት፣ ወዲያው በነጠላዋ አፈነቻት። እኔ ግን ሰማሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእሷ የሰማሁት የመጀመሪያው ድምፅ ነው።

ቢሮ ስንመለስ ልምጩን አንሥተው ሊሰብሩት ሞከሩ። እንቢ አለ። ጉልበታቸው ላይ ሞከሩት፣ ጎበጠና ተመለሰ። ርእሰ መምህሩም ተቀብለው ታገሉት፣ ፊታቸው ቀላ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ከዘበኛው ቢላ ተለመነ። ቄሱ ከጫፉ የጣት ርዝመት ያህል ቆርጠው፣ ጫፉን አሹለው ለልጃቸው ሰጧት። በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደሉን የሚጠቁምበት እንጨት ይኼን ታህላለች። «ከዚህ በላይ አያስፈልግሽም» አሏት። የቀረውን እኔ ለመንኋቸውና ወሰድሁት። የወይራ ልምጬን የዚያኑ ዕለት ለዘበኛው ማገዶ ሰጠሁት፤ የቡናው ግን ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ከመሄዳቸው በፊት ወደ ልጅቱ ዞሬ፣ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኋት። ምን እንደሚባል አላወቀችም። ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት መቼ አይታ ታውቃለች? አባቷ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር በያት» አሏት። አለች፣ መሬት መሬት እያየች። ለአባቷ ብላ እንዳለችው ገባኝ። በእሷ አልፈረድሁም።

በማግስቱ መጣች። ከፊት ዴስክ ተቀመጠች። ሰሌዳ ላይ ልጽፍ እጄን ሳነሣ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይወጣል፣ ዓይኗ ይጨፈናል። ደብተር ልመልስላት ስጠጋ ራሷን በክንዷ ትከልላለች። አውቃ አይደለም፤ እኔም ያ ነው የሚያመኝ። ቅጣት ደርሶኛል፣ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ አለ፣ ይገባኛልም። ከማስጠንቀቂያው ይልቅ የከበደኝ ግን በቀን አሥር ጊዜ የምትነሣው የዚያች ልጅ ክንድ ነበር።

ያለ ልምጭ ማስተማር ደግሞ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቲቸር ዱላዋን ጣለች የሚለው ወሬ ባንድ ቀን ተዳረሰ፤ ክፍሌ የቅዳሜ ገበያ ሆነ። ባልደረቦቼ መምህራን ክፍል ስገባ፣ «ሕገ መንግሥት መጣች፣ ተነሡ!» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጩኸቱ ሲበዛብኝ ጥዬ ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ አለቀስሁ። ምላሴ ለጊዜው ተሳለ፤ ያንንም ቀስ በቀስ መሰብሰብ ነበረብኝ። ልጅ ሲያጠፋ ምን እንደሚባል ከዜሮ ተማርሁ። ጥያቄ መጠየቅ ተማርሁ። ለካ ስድሳ ሁለት ልጅ ቁጭ አድርጌ ለስንት ዓመት ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

የረዳችኝ ሳታውቀው እሷው ነች። አንድ ቀን ሌሎቹን ሳርም ከፊት ዴስክ የሚያንሾካሽክ ዜማ ሰማሁ። ፊደል እየለቀመች የምታነብ ጎረቤቷን በዚያች የቡና እንጨት መስመሩን እየጠቆመች ታስነብባታለች። ቃሉን ታነሣላታለች፣ ያቺ ተከትላ ታነሣለች፣ አብረው ይጥሉታል። ጎረቤቷ ከመስከረም ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው አነበበች። ያላየሁ መስዬ ደብተር አገላበጥሁ። ሳምንት ሳይሞላ አምስት ሆኑ፣ ከዚያ ሁለት ዴስክ ሙሉ። የመታሁበት ነገር እኔ ለሦስት ወር ያቃተኝን ሠራ።

በዚያ ሰሞን አባቴን ጠየቅሁት። ጡረታ ወጥቷል፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ዳር ካሉት ዛፎች ሥር ይቀመጣል። የዘጌውን ነገር አጫወትሁትና፣ «ለምን ነበር እንደዚያ ብለህ የሰጠኸኝ?» አልሁት። ትንሽ ተቆጥቼም ነበር፣ አልደብቅም።

«ምን ልበል ታዲያ?» አለኝ። «የሰው አገር ነው የመጣሁት። ሰውዬውን አላውቃቸው፣ የሚያውቀኝ የለ። እንደ ልጅዎ ይዩልኝ ማለቴ ነበር። እንዴት እንደሚባል ስላላወቅሁ ሰው ሁሉ የሚለውን አልሁ።» ከዚያ ግራ እጄን አንሥቶ አገላብጦ አየው። «ጣትሽ አብጦ ስትመጪ በጨው ውኃ ሳሽልሽ ታስታውሻለሽ?»

ያን ጊዜ አስታወስሁ። ከፈረቃ ሲመለስ ልብሱን ሳይለውጥ በሳሕን ለብ ያለ ውኃ ይዞ ቁጭ ይላል። ጣቶቼን አንድ በአንድ እያሸ፣ የተማርሁትን እንዳነብለት ያደርገኛል፤ እሱ ማንበብ አይችልም። በየትኛው እጄ እንደጻፍሁት አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሰው ያደረገኝ ማስመሪያው ነው እያልሁ ስኖር ያንን ሳሕን ረስቼው ነበር። ሐይቁ ዳር ሰው በሞላበት ተነሥቼ ጉልበቱን ሳምሁት፤ እሱም ሰው እያየን ነው ብሎ ተቆጣኝ።

ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን ሆነ። ቄሱ በጀልባ መጡ፣ ያለ ልምጭ። ለአራተኛ ክፍል እንድታነብ የመረጧት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ከመድረኩ ሥር ሆና መጽሐፏን ይዛ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር፣ በየትኛው ላንብብ?» አለችኝ።

«በፈለግሽው።»

ወጣች። ስለ ውኃ የሚያወራው ያው ገጽ ነው። ሁለት መስመር በደረቁ ሄደች፤ ሦስተኛው ላይ ዜማው መጣ። ውኃው በፀሐይ ሙቀት ተነሣ፣ ተሰቀለ፣ ብዙ ቆየ፣ ቀስ ብሎ ጣና ላይ ወረደ። ወላጆቹ ዝም ብለው ሰሙ። ሣቅ እንዳይነሣ ፈርቼ ልጆቼን አየኋቸው፤ እየተወዛወዙ ነበር፣ ስድሳ አንዱም።

ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ከመድረኩ መጋረጃ የሸረሪት ድር ፀጉሯ ላይ ተይዟል። ሳላስበው እጄን አነሣሁ፤ ግራ እጄን ነበር። ካነሣሁት በኋላ ነው የደነገጥሁት፤ አየር ላይ እንዳለ አቆምሁት። ትከሻዋን አየሁ። አልተነሣም። ክንዷም አልተነሣም። ምን እንደያዘኝ ስላልገባት ቀና ብላ አየችኝና፣ እንዲመቸኝ ራሷን ዘንበል አደረገችልኝ።